ካርቡሬተር ከመለወጥ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡና የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ክርክር አለ። ደንበኛው አዲስ ካርቡሬተር ገዝቶ ያስገጥማል፤ ሞተሩ ግን እንደ ቀድሞው ይንተፋተፋል፤ ዕቃውም «የማይረባ ነው» ተብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ኪሣራው የሚከፋው ለፍጥነት በተሠሩ ሞተሮች ነው፤ ለምሳሌ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ሱፐር ሁለት የዌበር 40 ዲሲኦኢ ካርቡሬተሮች ያሉት ስለ ሆነ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል።

እያንዳንዱ ካርቡሬተር ሁለት ጉሮሮ አለው፤ ስለዚህ አራቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉሮሮ አላቸው። ይህ አሠራር ለመርማሪው ትልቅ ረዳት ነው። አስቀድሞ ካንዴላው፣ ፑንቲናውና ገመዱ ይታያሉ፤ በካርቡሬተር የሚሳበበው ጥፋት ብዙ ጊዜ የእነዚህ ነውና። ከዚያም ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የካንዴላ ገመዶች ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ ተራ በተራ ይነቀላሉ። ገመዱ ተነቅሎ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ሕመሙ በዚያ ሲሊንደር ወይም በዚያ ጉሮሮ ላይ ነው።

ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ካወጣ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ካንዴላው ነጥቶ ካርቡሬተሩ ወደ ኋላ የሚያስነጥስ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ ወይም በመጋጠሚያው በኩል አየር ይገባል። በመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ ሲደረግ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ፣ የሚያስፈልገው የጎማ ቀለበት እንጂ ካርቡሬተር አይደለም።

የቀረው ምርመራ በጄቶቹ ላይ ነው፤ ጄት ማለት ቤንዚን የሚመጠንባት ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ ናት። በዋናው ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። የተደፈነች ጄት በአየር ግፊት ትጠረጋለች። ሽቦ የሚያስገቡባት መካኒኮች አሉ፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ቁጥር ሐሰት ይሆናል። ያገለገለ ጄት በቁጥሩ ብቻ አምኖ የሚገዛ ባለ ሱቅ ይህን ያስብበት።

ለአገራችን አስመጪዎች የሚበልጠው ጉዳይ ከፍታ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ጄት እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ከ120 ወደ 115 ቢወርድ የቀዳዳው የገጽ ስፋት በመቶ 8 ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ለአዲስ አበባ በተመጠነ ጄት ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና፣ በሙሉ ኃይል ሲነዳ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲላክ የመኪናውን ስም ብቻ ከመጻፍ ይልቅ በየቁጥሩ፣ 115ም 120ም 125ም፣ አራት አራት ጄት ማዘዝ ይሻላል፤ የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ካርቡሬተርን ዋጋ አይደርስም።