የችግኝ ትሪ ስንገዛ ብዛቱን ብቻ አንይ

ውድ እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ሻይ እየጠጣን "አገር ስንገባ ምን እንሥራ?" የሚለው ወሬ ተነስቶ ነበር። አራት አምስት የምንሆነው አትክልት ማልማት ነው ያልነው። ከመካከላችን አንዷ ለወንድሟ የችግኝ ትሪ ገዝታ ልትልክ እንደሆነ ስትናገር ልቤ ድንግጥ አለ። እኔ በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁና። ዛሬ የምጽፍላችሁ በገንዘቤ የተማርኩትን ነው።

የችግኝ ትሪ ለማታውቁት፣ እንደ እንቁላል መያዣ ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። በአንድ ጉድጓድ አንድ ዘር ይዘራል። እናቶቻችን ችግኝ የሚያፈሉት መደብ ላይ ነው፤ ሲነቀል ሥሩ ይበጣጠሳል፣ ከተተከለም በኋላ ለጥቂት ቀናት ይጠወልጋል። የትሪ ችግኝ ግን ከነአፈሩ ስለሚወጣ ቶሎ ይይዛል። ዘሩ ውድ ሲሆን ደግሞ አንድም ፍሬ እንዳይባክን ይረዳል።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ መቂ ነው ያለው፤ ትንሽ መሬት አለችው። የአምስት ወር ቁጠባዬን ለቲማቲም ልማት መደብኩና እዚህ ቤይሩት አንድ የዘር መሸጫ ገባሁ። የሦስት ዓይነት ትሪ ዋጋ ተቀራራቢ ነው። አንዱ 72 ጉድጓድ፣ አንዱ 128፣ አንዱ 200 አለው። እኔ ምን አሰብኩ? በአንድ ዋጋ 200 ማግኘት እያለ 72 የሚገዛ ሞኝ ነው አልኩ! ባለ 200ውን አሥር ገዝቼ አገር በምትገባ ልጅ ላክሁ።

ወንድሜ ዘራው፤ በደንብም በቀለ። በአራተኛው ሳምንት ሊተክል ሲል የውሃው ሞተር ተበላሸ። እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ሄደ። ችግኙ ቦታ የለው፣ አገዳው ቀጥኖ ወደ ላይ ሮጠ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። ከተተከለ በኋላ አብዛኛው እዚያው ቆሞ ቀረ። ወንድሜ በስልክ "እትዬ፣ በሽታ ነው መሰለኝ" ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ገንዘቡን በልቶት ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ሁለት ወር ተኮራረፍን።

የሕንፃችን ናጡር የሶሪያ ሰው ናቸው፣ አገራቸው ገበሬ የነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው በቆርቆሮ ከተከሉት ችግኝ አንዱን ነቅለው አሳዩኝ። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠምዝዞ እንደ ክር ኳስ ሆኗል። "ቤቱ ሲጠብበት እንዲህ ይዞራል፤ ሜዳ ላይ ብታወጪውም መዞሩን አይተውም" አሉኝ። ያን ዕለት ማታ ለወንድሜ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የትሪው ምርጫ የኔ ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ስንገዛ እነዚህን እንይ።

1ኛ. ምን እንደሚተከልበት። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ትሪ ወደ 54 በ28 ሳንቲሜትር ነው። ስፋቱ አንድ ስለሆነ ጉድጓዱ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ይጠባል።
• ባለ 200፦ ለሰላጣ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ስለሚተከል ይበቃዋል።
• ባለ 128፦ ለጥቅል ጎመንና ለአበባ ጎመን፤ በቀኑ እንደሚተከል እርግጠኛ ከሆናችሁ ለቲማቲምም። ከ4 እስከ 5 ሳምንት።
• ባለ 72፦ ለቲማቲም፣ በተለይ ደግሞ ለቃሪያና ለበርበሬ። በርበሬ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ትሪ ላይ ይቆያል።
• ባለ 50፦ ለዝኩኒ፣ ለኪያርና ለሐብሐብ። ቅጠላቸው ሰፊ ነው፣ ሥራቸውም መነካካት አይወድም። በ3 ሳምንት አካባቢ ይተከላሉ።
ካሮትን ትሪ ላይ አትዝሩ፤ ሥሩ ይጣመማል። እሱ በቀጥታ መሬት ላይ ነው የሚዘራው።

2ኛ. መዘግየት ይኖራል ወይ? ሞተር ይበላሻል፣ የውሃ ተራ ያልፋል፣ ሠራተኛ ይጠፋል። መዘግየት የሚያሰጋ ከሆነ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለውን ግዙ። ጠባብ ጉድጓድ ቶሎ ይደርቃል፤ በሙቀት ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

3ኛ. ውፍረቱ። ትሪውን በአንድ እጅ ከጫፉ አንስታችሁ እዩ። ባዶውን ከተጣጠፈ እርጥብ አፈር ሲሞላ ይሰበራል። ስሱ ለአንድ ወቅት ነው፤ ወፍራሙ ውድ ቢሆንም ለብዙ ወቅት ያገለግላል።

4ኛ. የታችኛው ቀዳዳ። ያለ ቀዳዳ አትግዙ፤ ውሃው ተኝቶ ችግኙ ከአንገቱ በስብሶ ይወድቃል። ትሪውም መሬት ላይ አይቀመጥ። በእንጨት ወይም በሽቦ አልጋ ከፍ ይበል። የሥሩ ጫፍ በቀዳዳው ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይደርቅና ወደ ውስጥ ሌላ ሥር ያበዛል። መሬት ከነካ ግን ወደ ታች ይገባና ሲነሳ ይበጠሳል።

5ኛ. አጠባቡ። ያገለገለ ትሪ የበሽታ መኖሪያ ነው። አፈሩን በደንብ አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ አለቅልቃችሁ አድርቁት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቁ፣ ይህን ከሥራችን እናውቀዋለን። ከደረቀ በኋላ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 1,000 የቲማቲም ችግኝ ብንፈልግ የማይበቅልም ስላለ ወደ 1,150 እንዝራ። ባለ 200 ስድስት ትሪ ይበቃል፣ ባለ 128 ዘጠኝ፣ ባለ 72 አሥራ ስድስት። ስድስቱ ርካሽ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን የዘሩ፣ የማዳበሪያው፣ የእርሻውና የውሃው ወጪ ሁሉ በዚያች ትንሽ ጉድጓድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እዚሁ ሞክሩት። ማዳም ከፈቀደች በረንዳ ላይ በለብኔ ዕቃ ይጀመራል፤ ሥሩን በጋለ ሚስማር ብሱት። አንዱን ትንሽ፣ አንዱን ትልቅ ዕቃ አድርጋችሁ፣ ቲማቲም ዝሩና በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱንም ነቅላችሁ ሥራቸውን አወዳድሩ። ያኔ እኔ በአምስት ወር ደመወዝ የገዛሁትን ትምህርት በነጻ ታገኙታላችሁ።

ወንድሜ በሁለተኛው ዓመት ባለ 72ውን እዚያው አገር ቤት ገዝቶ በርበሬ አፈላበት። በዚያም ጊዜ ተከላው አሥር ቀን ዘግይቶ ነበር፤ ችግኙ ግን ጠበቀው።

ለሚቀጥለው እሑድ መወያያ፦
ሀ. ቤተሰባችን ምን ሊተክል አስቧል? በስንት ሳምንትስ ይተከላል?
ለ. በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?
ሐ. ዕቃ ገዝተን ከመላካችን በፊት የሚሠራበትን ሰው ጠይቀናል ወይ?

ደህና ሰንብቱ፣
እህታችሁ