ቅጠሉን ብሉት፣ ኪኒናውን አትተዉት፦ ማሳሰቢያ ለማንኩሽ የስኳር ሕሙማን

ማንኩሽ ቆላ ናት፤ ሕክምናም ለሁሉም ቅርብ አይደለም። ስለዚህ «ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው መድኃኒቱን በሽፈራው፣ በአብሽ፣ በግራዋ ወይም በከርከዴ ሊተካ ቢያስብ አይገርምም። ዕፀዋቱን መናቅ አይገባም፤ ልክ ማወቅ ግን ይገባል።

ኪኒናችሁን ለቅጠል ብላችሁ አታቋርጡ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒና ራሱ ከዕፅ የተነሣ ነው። ጋሌጋ በተባለ የአውሮፓ ተክል ውስጥ ስኳር የሚቀንስ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ የዚያ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በቤተ ሙከራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለሕሙማን መስጠቱን ይፋ አደረገ። ጋሌጋ እንዳለ ቢበላ ከብት ይመርዛል። «ባህላዊው ጉዳት የለውም» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ጭራሽ እንዳታቆሙ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ወደ ቅጠል የሚሄደው ሰው ያልሠራለት ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ሊሆን ይችላል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ የተከፈተውም ከ30 ዲግሪ በላይ አይቆይ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡ፤ መሃሉን በአሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን አርጥቡ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና ጥላ ስር አኑሩት። በክረምት አየሩ ሲረጥብ ግን ይህ ብዙም አያቀዘቅዝም። በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አትወጉ።

ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅላችሁ ብሉ። የሽፈራው ጭማቂ ስኳር መቀነሱ በአይጦች ላይ ታይቷል፤ አይጥ ግን ሰው አይደለችም፤ በቤተ ሙከራ የተጨመቀውም ድስት ውስጥ ከበሰለው ጋር አንድ አይደለም።

አብሽ ውስጥ ያለው አሰር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ በተባለው የስኳር ኪኒና ወይም በኢንሱሊን ላይ ሲደረብ ግን ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ስኳራችሁ ሲለካ ከ70 (mg/dL) ካነሰ፣ ወይም ድንገት ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ከተደናገራችሁ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ አሩጡት።

ከርከዴ ለደም ግፊት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ለስድስት ሳምንት በቀን ሦስት ኩባያ የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ወደ 7 ነጥብ ቀንሶ ነበር። የግፊት ኪኒን የምትውጡ ግን ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አታዘውትሩት። ደግሞስ ስኳር የተሞላበት ከርከዴ ለስኳር ሕመምተኛ ምን መድኃኒት አለው? ያለ ስኳር ጠጡት።

ነፍሰ ጡሮች፣ ኩላሊት የታመማችሁና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፦ ምንም ዓይነት የዕፅ ጭማቂ ሐኪም ሳታማክሩ አትቅመሱ።

ምንጩ ያልታወቀ የተፈጨ ዱቄት ከገበያ አትግዙ። «ንጹሕ ዕፅ» ተብሎ በውጭ አገር በተሸጠ ዱቄት ውስጥ ተደብቆ የተፈጨ ግሊቤንክላማይድ ተገኝቶ ያውቃል። ስኳር የወረደው በኪኒናው ነው፤ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል፤ መጠኑን ግን ማንም አያውቀውም።

የምትጠቀሙትን ዕፅ ለጤና ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ። ባለሙያዎችም አትቆጡ፤ የተቆጡት ሰው ዳግመኛ አይናገርም።

ስኳር በዝግታ የሚጎዳው የደም ሥርንና ነርቭን ነው፤ ጉዳቱም ዓይን፣ ኩላሊት፣ ልብና እግር ላይ ይታያል። ስለዚህ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን በየቀጠሮው አስለኩ፤ ዓይናችሁን በዓመት አንዴ አስመርምሩ፤ ሲጋራ አታጭሱ። እግሩ የደነዘዘ ሰው የቆላ አሸዋ ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ በባዶ እግራችሁ አትሂዱ፤ ማታ ማታ የእግራችሁን መዳፍና የጣታችሁን መሃል ተመልከቱ። ቁስል ካገኛችሁ ቅጠል ደቁሳችሁ አትለጥፉበት፤ ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።