ራሊ ጌም እንዴት ይጀመራል? ከካዛንቺስ እስከ ገላን ጉራ

ቂርቆስም ሆነ ካዛንቺስ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ተራ ስትጠብቁ፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት በአብዛኛው ኳስ ነው። የመኪና ጌም የሚከፈተው ኳስ የሰለቸው ሰው ሲገኝ ነው። ጀማሪው ነዳጁን እስከ ጥግ ይጫናል፣ በመጀመሪያው ኩርባ ዛፍ ይገጫል፣ «ይሄ ጌም አይረባም» ብሎ ይነሣል። አርት ኦፍ ራሊ የተባለው የመኪና ጌም ግን በአንድ ግጭት ሊፈረድበት አይገባም። የመጀመሪያውን ሰዓት እንዲህ ተጫወቱት።

ጌሙ ፈንሴሌክተር የተባለ ትንሽ የካናዳ ስቱዲዮ ሥራ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር፣ በዓመቱ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን ወጣ። በላፕቶፕ የምትጫወቱ ከሆነ መጀመሪያ ጥላውንና ሬዞሉሽኑን ቀንሱ፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ኩርባ መያዝ አይቻልም። ጆይስቲክም ፈልጉ፤ በኪቦርድ መሪው ወይ ሙሉ ይዞራል ወይ ጭራሽ አይዞርም።

ቀጥሎ ካሜራውን ከፍ አድርጉ። እዚህ ጌም ላይ «ግራ፣ ጠባብ» እያለ መንገዱን የሚያነብላችሁ ረዳት ነጂ የለም፤ የሚመጣውን ኩርባ በዓይናችሁ ቀድማችሁ ማየት አለባችሁ። ከዚያ ሰዓት በማይቆጠርበት በነፃ መንዳት ጀምሩ።

መንዳቱን ስትለምዱ ወደ ጌሙ የሙያ ውድድር ግቡ። የሚነሣው ከ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ መኪኖቹም ትንንሽና አነስተኛ ጉልበት ያላቸው ናቸው። ግሩፕ ቢ የሚባሉትን የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኃይለኛ የራሊ መኪኖች ለጊዜው እርሷቸው። ትንሿ መኪና ስሕተታችሁን ታሳያችኋለች፤ ኃይለኛው ገደል ይከታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኩርባው። ገና ቀጥታው ላይ ሳላችሁ ፍሬን ያዙ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፤ የፊት ጎማዎች መሬቱን ይነክሳሉ፣ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። በዚያች ቅጽበት መሪውን ወደ ኩርባው ስትሰብሩት ኋላው መንሸራተት ይጀምራል። አትደንግጡ። መሪውን ወደ ተቃራኒው መልሱ፣ ነዳጁን በግማሽ ስጡ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ሲዞር ሙሉውን ስጡ። የእጅ ፍሬን ዞሮ ለሚመለስ ጠባብ ኩርባ ብቻ ይሁን። የኖርዌይ በረዶ ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከጠጠር መንገድ በጣም ቀድማችሁ ያዙት። ይህች የፍሬንና የመሪ ቅንብር እጃችሁ ውስጥ ስትገባ የሚሰማውን ደስታ ሌላ የመኪና ጌም ላይ አላገኘሁትም።

እጃችሁ ሲፈታ የጌሙን የኬንያ ክፍል ክፈቱ። የተጨመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ እውነተኛው የኬንያ ውድድር፣ ሳፋሪ ራሊም፣ ከ2002 በኋላ ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰው በዚያው ዓመት ነበር። የጎረቤታችንን አፈር መንዳት ከፊንላንድ ጫካ ይልቅ ልብ ይነካል።

ትልቁ ጉድለቱ ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን እኩል አለማጫወቱ ነው፤ ለጌም ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ራሊ ድሮም ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው፤ ስለዚህ ጓደኛ ቢርቅም መወዳደር ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ብዙ የሰፈር ልጅ ወደ ገላን ጉራ መኖሪያ ሰፈር ሄዷል። አንድ መንገድና አንድ መኪና ምረጡ፣ ያስመዘገባችሁትን ሰዓት ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው፤ እነሱም የራሳቸውን ይላኩ።