የገዳሪፍ ሰሊጥ

ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፋታ አይሰጥም፤ ዛላው ደርቆ ሲሰነጠቅ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች፣ በአጨዳ ወራት ብዙ የሰው ጉልበት ይፈለጋል። ከኢትዮጵያም በመተማ በኩል ድንበር እየተሻገሩ ለዚሁ ሥራ የሚሄዱ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል።

ድካም ብቻውን ባርነት አይደለም። ነገር ግን ደላላው ለመንገድ ያበደረው ገንዘብ በየዕለቱ እየተቆለለ፣ ደመወዙም እየተያዘ፣ ሠራተኛው «ልሂድ» ሲል የሚከለከል ከሆነ የዕዳ ባርነት ይባላል። ይህም እ.ኤ.አ. በ1956 በተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተከልክሏል።

ዘይቱን፣ ጠሂናውን ወይም ሃላዋውን የሚገዛ ሰው የአጫጁን እጅ አያይም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1791 ብዙ ቤተሰቦች ባሮች ያመረቱትን ስኳር አንገዛም ብለው ነበር፤ የባሪያ ንግድ በሕግ የተከለከለው ግን በ1807 ነው። ሰሊጥን ጨርሶ መተው ደግሞ ደመወዙን በአግባቡ የሚያገኘውን ሠራተኛ እንጀራ ያሳጣዋል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ነጋዴውን «ከማን እርሻ መጣ? አጫጁስ ተከፈለው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

ጥያቄ
1. ድካምና የዕዳ ባርነት በምን ይለያያሉ?
2. «ፋታ»ና «እየተቆለለ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግቡ።