ያልገባችሁን ዓረፍተ ነገር አትለፉት!

ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ዶክመንቴሽን ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ራሱን ይወቅሳል። «ድክመቱ የኔ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ አትለፉት! ደጋግማችሁ አንብባችሁት እምቢ ያላችሁ ዓረፍተ ነገር ራሱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል፤ ያን ደግሞ ከጀማሪ በላይ የሚያይ የለም። ላይብረሪውን የሠራው ባለሙያ የጎደለውን ከራሱ እውቀት እየሞላ ስለሚያነብ ክፍተቱ አይታየውም። ለእናንተ ግን ይታያል።

ለምሳሌ የፓይተንን ሬንጅ (range) ፈንክሽን ውሰዱ። 1 እና 10 ብትሰጡት የሚቆጥረው ከ1 እስከ 9 ነው። አንድ ማብራሪያ «ከ1 እስከ 10» ብሎ ዝም ቢል፣ ስንቱ ተማሪ የጠፋችበትን ቁጥር ሲፈልግ ያመሻል! «10 ራሱ አይካተትም» የምትል ጭማሪ ያን ሁሉ ድካም ታስቀራለች።

ትልልቅ ፕሮጀክቶች የአንዲት ቃልን ዋጋ በሚገባ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ ጃንጎ ለዶክመንቴሽን ጸሐፊዎቹ ባዘጋጀው መመሪያ፣ የሥራውን ክብደት የሚያሳንሱ እንደ «በቀላሉ» ያሉ ቃላትን እንዲያስወግዱ ይመክራል። ደስ የሚል ምክር ነው፤ ያቃተውን ሰው «ቀላል እኮ ነው» ማለት ተስፋ ያስቆርጣል። ያገኛችሁትን ስህተት ራሳችሁ ማረም ትችላላችሁ፤ እዚያው ጃንጎ ላይ የፊደል ግድፈት ለማረም ቲኬት (የችግር ማሳወቂያ) መክፈት እንኳ አይጠበቅባችሁም።

ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ የዶክመንቴሽኑን ፋይል ከፍታችሁ የእርሳሷን ምልክት ስትጫኑ፣ የማስተካከል ፈቃድ ባይኖራችሁም የራሳችሁ ቅጂ ይዘጋጅላችኋል። አስተካክሉና ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲካተት የሚቀርብ ጥያቄ) ላኩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከልብ አደራ እላለሁ፦ ለቁጥር ብላችሁ አትላኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃክቶበርፌስት በሚባለው የኦፕን ሶርስ አስተዋጽዖ ዘመቻ ወቅት ቲሸርት ለማግኘት ሲባል ትርጉም የለሽ ለውጦች ጎርፈው የፕሮጀክት ባለቤቶችን አሰልችተዋል፤ አዘጋጆቹም በመሃል ደንቡን ቀይረው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲሳተፉ አደረጉ። እናንተ ያደናቀፋችሁን ብቻ አርሙ። ምን እንደተረዳችሁ፣ ኮዱ ግን በእውነት ምን እንደሚሠራ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ገምጋሚውን የሚያሳምነው እሱ ነው።

«እንዲህ ብታደርገውስ?» የሚል አስተያየት ከመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ጊዜ ሰጥቶ አንብቦላችኋል። አመስግኑት፣ አስተካክሉና መልሳችሁ ላኩለት።