ባሩዱ ከአገር፣ ካፕሱሉ ከባሕር ማዶ፦ የመለኮሻና የባሩድ መጣጣም በይፋት ቆላ የጦር መሣሪያ ታሪክ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ጠመንጃ ይቆጥራሉ። አንድ ንጉሥ ስንት ነፍጥ እንደ ነበረው፣ አንድ ነጋዴ ስንት እንዳስገባ ይዘረዝራሉ። ነገር ግን ጠመንጃ የሚተኩሰው ጥይት ሲኖረው ነው፤ ጥይትም የሚሠራው ባሩዱና ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻ ሲጣጣሙ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሁለቱን መጣጣም ከሙያው አንጻር ካብራራ በኋላ፣ ጉዳዩ በይፋት ቆላ በኩል ወደ ሸዋ በገባው መሣሪያ ታሪክ ላይ ምን ብርሃን እንደሚፈነጥቅ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የጠመንጃ ብዛት ብቻውን የኃይል መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ መለኮሻው ከየት ይመጣ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

የመለኮሻና የባሩድ ግንኙነት

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስ (አረር) እና በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚቀመጠው ካፕሱል። መምቻው ካፕሱሉን ሲመታው በውስጡ ያለው ፈንጂ ቅመም ይነድና ነበልባሉን ወደ ባሩዱ ይልካል። ጥቁሩ ባሩድ፣ ማለትም የጨው ጴጥሮስ፣ የድኝና የከሰል ድብልቅ፣ በትንሽ ብልጭታ የሚያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በፈረንሳይ የተፈለሰፈው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማ ካፕሱል ከእርሱ ጋር ሲጣመር ጥይቱ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይከሽፋል።

ጉዳዩ በሽጉጥ ጥይት ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የሽጉጥ ቀለህ ጠባብ፣ አፈሙዙም አጭር በመሆኑ ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ በጥቂት መጠን ይጨመርበታል። መጠኑ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ትንሿ ልዩነት ትልቅ ውጤት አላት። ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ካፕሱል በጠባቡ ቀለህ ውስጥ ግፊቱን ያንራል። በአንጻሩ ባሩዱ ሲያንስ ወይም ሳይነድ ሲቀር እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስም መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት በሌሎች አገሮች በሕግ ተፈቅዶላቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የአምራቹን ሠንጠረዥ ይከተላሉ፤ ካፕሱል በቀየሩ ቁጥርም የባሩዱን መጠን ዝቅ አድርገው እንደገና ይጀምራሉ።

አለመጣጣም ጉዳቱን ወዲያው ላያሳይም ይችላል። በቀድሞ ካፕሱሎች ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ውሁድ ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲሠራ፣ ባሩዱ የሚተወው ብዙ ጥላሸት የሜርኩሪውን ጉዳት ያቀለው ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ግን ጥላሸቱ አነስተኛ በመሆኑ ሜርኩሪው የቀለሁን ነሐስ ዘልቆ ይሰባብረዋል። እንዲህ ያለ ቀለህ ለዓይን ደህና ቢመስልም እንደገና ቢሞላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከክር ወደ ካፕሱል

ሸዋ ሮቢት ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተ ደቡብ፣ በአንኮበር ተራሮች ግርጌ የሚገኙት ፋሬና አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሃ ላቋረጡ ቅፍለቶች የሸዋ መግቢያ ነበሩ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) በነገሡበት ዘመን ከነበሩት ነፍጦች ብዙዎቹ በሚጨስ ክር የሚለኮሱ ነበሩ። ይህ መሣሪያ ኋላ ቀር ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በአገር ውስጥ ይገኝ ነበር። ክሩ ከጥጥ ይፈተላል፤ ከሰሉ ከእንጨት ይከሰላል፤ ድኙም ከይፋት በስተ ምሥራቅ ባለው የእሳተ ገሞራ ምድር፣ በተለይ በዶፋን ተራራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በዚሁ መንገድ ሲመጣ ለንጉሡ ካበረከታቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃዎች ይገኙበታል።

በአውሮፓ ግን የመለኮሻው ጥበብ እየተለወጠ ነበር። ኤድዋርድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1800 ሲመታ የሚፈነዳውን የሜርኩሪ ውሁድ ለሳይንሱ ዓለም አስታወቀ፤ አሌክሳንደር ፎርሳይዝም በ1807 በምት የሚለኮስ መሣሪያ ፈጠራውን አስመዘገበ። ከዚህ የተወለደው የመዳብ ካፕሱል በዝናብና በነፋስ የማይበገር ነበር። ይሁን እንጂ እርሱን መሥራት ሜርኩሪን፣ አሲድንና ስስ መዳብን ይጠይቃል። የሸዋ ባለ እጅ ባሩድ ሊቀምም፣ እርሳስ ሊያቀልጥ ይችል ነበር፤ ካፕሱል ግን ከባሕር ማዶ መጠበቅ ነበረበት።

የአርተር ራምቦ ቅፍለት ይህን የሽግግር ዘመን በግልጽ ያሳያል። ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 በፋሬ በኩል አንኮበር ሲደርስ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎችንና የሬሚንግተን ጥይቶችን ይዞ ነበር። በአንዱ ጭነት ሁለት ዘመኖች አብረው ተጉዘዋል። ባለ ካፕሱሉ ጠመንጃ ካፕሱል እስካለ ድረስ በአገር ባሩድ ይተኮሳል። ለሬሚንግተኑ ግን ቀለሁም፣ ባሩዱም፣ ካፕሱሉም አንድ ላይ ተገጥመው መምጣት አለባቸው።

ጥይት እንደ ገንዘብ

ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ የሰየመው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ (የ1874 ሞዴል) በተስፋፋበት ጊዜ ጥይቱ በብዙ የአገሪቱ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ይህን ከላይ ከተገለጸው ጋር አያይዞ ማየት ይቻላል። እርሳስና ባሩድ በአገር ውስጥ የሚተኩ ነገሮች ናቸው፤ ያልተመታ ካፕሱል ግን አይተካም። ጥይቱን እንደ ጨው አሞሌ ተፈላጊ ያደረገው ጠቃሚነቱ ብቻ ሳይሆን ይህ የማይተካ ክፍሉ ጭምር ነው ማለት ያስኬዳል።

የጥገኝነቱ ዋጋ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ኃያላን መንግሥታት የጣሉት የመሣሪያ ክልከላ የራሷ የጦር ኢንዱስትሪ የነበራትን ኢጣሊያን ሳይሆን ጥይቷን ከውጭ የምታስገባውን ኢትዮጵያን ጎዳ። በወረራው ዘመንም በሸዋ በእነ ራስ አበበ አረጋይ የተመሩት አርበኞች ከጠላት የሚማርኩት ጥይት ዋነኛ ስንቃቸው ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ለታሪክ አጥኚ ነው፦ በመዛግብት የሚገኘው የጠመንጃ ቁጥር ከመለኮሻው ዓይነትና ምንጭ ጋር ካልተነበበ ያሳስታል። ሺህ ባለ ክር ነፍጥ የያዘ ጦር መንገድ ሲዘጋበት መተኮሱን ይቀጥላል፤ ሺህ ሬሚንግተን የያዘው ግን ጥይቱ ባለቀ ማግስት ጦርና ጎራዴ ይዞ ይቆማል።

ሁለተኛው ለዛሬ ነው። ከአያት የወረደ ውጅግራና አሮጌ ጥይት በየቤቱ ሊገኝ ይችላል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መሣሪያ ጭስ አልባ ባሩድ ቢገባበት ግፊቱን አይችልም፤ ያረጀ ቀለህም ቢሆን ውስጡ ምን እንደ ደረሰበት በዓይን አይታወቅም። የጦር መሣሪያን ይዞታና ሥራ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ እንዲመራ ማድረጉ አንዱ ነገር ሲሆን፣ የባሩድና የካፕሱል ጠባይ ራሱ የደነገገው ጥንቃቄ ደግሞ ሌላው ነው። እነዚህ ቅርሶች የሚገባቸው ስፍራ የሠርግ ተኩስ ሳይሆን የሙዚየም መደርደሪያ ነው፤ በዚያም የጠመንጃው ስም ብቻ ሳይሆን የመለኮሻው ዓይነት አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።