የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ፦ ሱልጣን ሃን

ሀ. ከንባብ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. መኪናና ባቡር ባልነበረበት ዘመን ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከአገር ወደ አገር ያጓጉዙ የነበረው በምን ነበር?
2. በረጅም ጉዞ ላይ የሚገኝ ነጋዴ ምን ምን ችግር ሊያጋጥመው ይችላል?

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንት ዘመን ለሲራራ ነጋዴ መንገዱ የሀብቱም የሥጋቱም ምንጭ ነበር። ሐር፣ ስኳር ወይም ቅመማ ቅመም በግመልና በበቅሎ ጭኖ የሚጓዝ ሰው ቀን ሐሩሩንና ብርዱን፣ ሌሊት ሽፍታውንና አውሬውን ይፈራል። ስለዚህ ነጋዴዎች ብቻቸውን አይጓዙም፤ ተሰባስበው በቅፍለት ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ቅፍለቱ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጭነቱን የሚያራግፍበት፣ አጋሰሱን የሚያጠጣበትና ያለ ሥጋት የሚያድርበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ከዚህም የተነሣ በእስላሙ ዓለም በየንግዱ መሥመር የነጋዴዎች ማደሪያዎች ተሠሩ። ፋርሶች ይህን ዓይነቱን ማደሪያ «ካራቫንሰራይ» ይሉታል፤ ትርጉሙም የቅፍለት ቤት ማለት ነው። ቱርኮች ደግሞ በአጭሩ «ሃን» ይሉታል።

ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ አናቶሊያ በሚባለው ምድር፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የሰልጁቅ ሱልጣኖች ይገዙ ነበር፤ መናገሻ ከተማቸውም ኮንያ ነበረች። ሱልጣኖቹ አገራቸው በሁለት ባሕሮች መካከል መገኘቷ የሚያስገኘውን ጥቅም በሚገባ ተረድተውት ነበር። በደቡብ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያለችውን አንታሊያን በ1207፣ በሰሜን በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን ሲኖፕን በ1214 ያዙ። በ1220 ደግሞ ሱልጣን ቀዳማዊ ዓላኤዲን ከይቁባድ ከቬኒስ ነጋዴዎች ጋር ውል ተዋዋለ፤ በውሉም መሠረት ነጋዴዎቹ ከሸቀጣቸው ዋጋ ከመቶ ሁለት ብቻ ቀረጥ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ነገር ግን የወደብ ባለቤት መሆንና ቀረጥ መቀነስ ብቻውን አይበቃም ነበር። ነጋዴው ከወደብ ወደ ወደብ በሰላም መድረስ ካልቻለ ወደ አገሪቱ አይመጣም። ስለዚህ በዋና ዋና መንገዶች ላይ፣ አንዱ ከሌላው የአንድ ቀን መንገድ ያህል እየራቀ፣ ብዙ ማደሪያ ተሠራ።

ከእነዚህ ማደሪያዎች ውስጥ በትልቅነቱ እጅግ የታወቀው ከይቁባድ በ1229 ያሠራው ሱልጣን ሃን ነው። የሚገኘውም ከኮንያ ወደ አክሳራይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአክሳራይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በገላጣ ሜዳ መካከል ነው። በሕንፃው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የአናጺውን ስም የደማስቆው ሙሐመድ ብሎ ይጠራዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሱልጣን ሃን የጦር ምሽግ እንጂ የእንግዳ ማደሪያ አይመስልም። ግንቡ ወፍራምና ረጅም ነው፤ በየጥጉና በየመካከሉ ደጋፊ ማማዎች አሉት። ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ማታ ይዘጋል። የመግቢያው ከፍታ 13 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእብነ በረድ ተሠርቶ ከበሩ በላይ ያለው ክፍል እንደ ማር እንጀራ ተደራርቦ ተፈልፍሏል።

በሩን አልፎ የገባ መንገደኛ ሰፊ ግቢ ያገኛል። በግቢው አንደኛው ጎን እንደ ቀስት በጎበጡ የድንጋይ ቅስቶች የተሸፈነ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ መጠለያ አለ። በሌላው ጎን የመኝታ ክፍሎች፣ ዕቃ ቤቶችና መታጠቢያ ቤት ተደርድረዋል። በግቢው መካከል በአራት ቅስቶች ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ትንሽ መስጊድ ይታያል፤ ወደ እርሱም በጠባብ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ከታች ሰውና እንስሳ ሲተራመስ፣ ሰጋጁ ከላይ በጸጥታ ጸሎቱን ያደርሳል።

ከግቢው በስተጀርባ የክረምቱ አዳራሽ ይገኛል። የአናቶሊያ ክረምት በረዶ የሚጥልበት ስለሆነ፣ ይህ አዳራሽ በሙሉ ጣራ የተሸፈነ ነው። ጣራውን የሚሸከሙት በረድፍ የቆሙ ወፋፍራም የድንጋይ ዐምዶች ናቸው። መስኮቶቹ ብርድም ሌባም እንዳያስገቡ ሆን ተብለው ጠባብ ሆነዋል። ብርሃን የሚገባው በይበልጥ በመካከሉ ካለው ጉልላት ነው።

ሰልጁቆች እነዚህን ማደሪያዎች ያስተዳድሩ የነበሩት «ወቅፍ» በሚባለው ሥርዓት ነበር። ወቅፍ ማለት አንድ ባለሀብት የመሬቱን ወይም የሱቁን ገቢ ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ የሚሰጥበት ሕግ ነው። ከእነዚህ የስጦታ ሰነዶች ውስጥ በ1247 የተጻፈው የካራታይ ሃን ሰነድ የታወቀ ነው። ወደዚያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ እስላምም ይሁን ሌላ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ነጻም ይሁን ባሪያ፣ እኩል ምግብ እንዲሰጠው ሰነዱ ያዛል። የታመመው ይታከማል፤ ባዶ እግሩን የመጣው ጫማ ይሰጠዋል። ይህን ማደሪያ ያቋቋመው ሹም ጀላለዲን ካራታይ ራሱ ባሪያ የነበረ ሰው ነው።

በ1243 ሞንጎሎች ሰልጁቆችን በኮሴ ዳግ ጦርነት ድል ነሥተው አስገበሯቸው። ሱልጣን ሃንም እሳት ጎድቶት በ1278 እንደገና ታደሰ። ከዘመናት በኋላ የንግዱ አካሄድ ስለ ተለወጠ ቅፍለቶች እየጠፉ ሄዱ፤ ብዙ ማደሪያዎችም ፈረሱ። ሱልጣን ሃን ግን ያሠራው መንግሥት ካለፈ ከ700 ዓመት በኋላ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ወፍራም ግንቡና ጠንካራ በሩ የተሠሩት ለንጉሥ መኖሪያ ሳይሆን፣ አንድ ሌሊት አድሮ ለሚሄድ እንግዳ ደኅንነት ነበር።

ሐ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. ነጋዴዎች በቅፍለት ይጓዙ የነበረው ስለ ምንድን ነው?
2. «የወደብ ባለቤት መሆንና ቀረጥ መቀነስ ብቻውን አይበቃም» የተባለው ለምንድን ነው?
3. ሱልጣን ሃን ምሽግ የሚያስመስሉት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
4. የካራታይ ሃን ሰነድ ከካራታይ የቀድሞ ሕይወት ጋር ምን ግንኙነት ያለው ይመስላችኋል?

መ. የሚከተሉትን ቃላት ፍች ከምንባቡ ከተረዳችሁ በኋላ በየቃላቱ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ቅፍለት፣ አጋሰስ፣ ቀረጥ፣ መናገሻ፣ ምሽግ፣ አስገበረ

ሠ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ በቀድሞ ዘመን መንገደኛ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ሲመጣ እንዴት ይስተናገድ እንደ ነበር ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያገኛችሁትን መልስ በምንባቡ ከተገለጸው መስተንግዶ ጋር እያነጻጸራችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ።